ስድሳ ሦስት ጊዜ «ጠየቅኩ»

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከአራት ቁራጭ ላይ፣ ውድነሽ የወይዘሮ ሶልያና ክንፈን መዝገብ ከፈተች።

አንድ ቁራጭ ስድስት ደቂቃ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከዚያ ያነሰ ጊዜ አይቆጠርም። ሰው ፊቱን ሲታጠብ አንድ ቁራጭ፣ ትራም ሲጠብቅ ሁለት ቁራጭ፣ ደረጃ ላይ ቆሞ ከጎረቤት ጋር ሲያወራ ደግሞ፣ እንደ ጎረቤቱ ዓይነት፣ ከሦስት እስከ አምስት ቁራጭ ይሄድበታል። አንድ ነገር አድርጎ ሲጨርስ እጁ ላይ የታሰረው መዝጋቢ መሣሪያ «ምን አደረግህ?» ይለዋል። መልሱ አንድ ግስ ነው። በላሁ። ተጓዝኩ። ጠገንኩ። «አለቀስኩ» ዝርዝሩ ውስጥ የገባው ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለቀሱ ሰዎች «ዐረፍኩ» ይሉ ነበር።

ውድነሽ የክትባት ጉዳት ካሣ ሸንጎ የጊዜ መርማሪ ናት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ስሟ ከአያቷ እናት የመጣ ነው፤ በ2093 ዓ.ም. ውድነሽ የሚባሉት ወጣቶች ናቸው፣ ሶልያና የሚባሉት ግን ሁሉም አርጅተዋል።

በየዓመቱ መስከረም አንድ የከተማው ሰው በትራም ጣቢያዎች በር ላይ ቀና ብሎ በአፍንጫው ጠብታ ይቀበላል። ወረፋው ፈጣን ነው። ጠብታው ከተጀመረ ወዲህ፣ በ2061 ስንቱን ቤት ያዘጋው ሳል ተመልሶ አልመጣም። ከብዙ መቶ ሺህ ሰው መካከል ግን አንዱን ይጎዳዋል። ሕጉ ይህን አይደብቅም። ለሁሉም ሲባል በአንዱ ላይ የደረሰውን ሁሉም ይካፈለው ይላል። ተጎዳሁ የሚል ሰው ጠበቃ ማቆም አቅቶት ዝም እንዳይል ደግሞ የጠበቃውን አበል ሸንጎው ይችላል። ጠበቃው ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ይከፈለዋል። ጉዳዩ በቅን ልቦናና በበቂ ምክንያት የቀረበ፣ የተሠራበትም ሰዓት ተገቢ ከሆነ ይበቃል።

ውድነሽ ይህን አንቀጽ ሥራ የጀመረች ቀን ስታነበው የጽሕፈት ስሕተት መስሏት ነበር። ለተሸነፈ ጠበቃ የሚከፍል ሕግ አይታ አታውቅም። ሁለተኛ ስታነበው ስሕተት እንዳልሆነ ገባት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዋ ሲጠይቋት አታፍርም፤ በሌላው ነገር ሁሉ ግን ዓይነ አፋር ናት።

ተገቢ የሆነውን ካልሆነው የሚለየው ሚዛን የሚሉት የሸንጎው መሣሪያ ነው። ሚዛኑ የጠበቆቹን ግሶች ያነባል፣ የማይከፈልባቸውን በቀይ ያወጣል፣ መርማሪው ያጸድቃል። ብዙውን ጊዜ ማጽደቅ ሦስት ቁራጭ ይወስዳል።

የወይዘሮ ሶልያና መዝገብ ቀይ በቀይ ሆኖ ነበር። ጉዳዩ በትራም ላይ ፌርማታ የሚጠሩ የአንድ ጠሪ፣ የአቶ ያፌት ነው፤ ባለፈው ዓመት ጠብታውን ከወሰዱ በአራተኛው ቀን አንደበታቸው ተዘጋ። ጉዳዩ ነሐሴ ላይ ተሸንፏል። ጠበቃዋ በዘጠኝ ወር ውስጥ ስድሳ ሦስት ጊዜ አቶ ያፌት ቤት ሄደዋል፤ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ስድሳ ሦስቱም ጊዜ ለመዝጋቢያቸው የተናገሩት ግስ አንድ ነው፦ «ጠየቅኩ»።

ሚዛኑ ከእያንዳንዱ ጎን ጽፏል፦ ማኅበራዊ። አይከፈልም።

ችግሩ ለማንም ግልጽ ነው። ጠየቅኩ ማለት ጥያቄ አቀረብኩ ማለት ነው። ጠየቅኩ ማለት የታመመ ሰው ቤት ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ ማለትም ነው። የግስ ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች አንድ ግስ ሁለት ሥራ ሊይዝ አይችልም ብለው፣ የሕዝቡን የሦስት ዓመት መዝገብ ቆጥረው፣ «ጠየቀ»ን ለበሽተኛ ሰጡት። ጠበቆች በምትኩ «ቃል ተቀበልኩ» እንዲሉ ደብዳቤ ደርሷቸዋል።

ከሰዓቱ ከሢሶ በላይ የተሰረዘበት ጠበቃ ከሸንጎው ዝርዝር ይወጣል፤ ተመልሶም አይገባም። የወይዘሮ ሶልያና ቀይ መስመር ከሢሶ አልፏል። በደብረ ብርሃን የክትባት ጉዳት ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ደግሞ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ተጎዳን የሚሉ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

ውድነሽ ጣቷን «አጽድቂ» የሚለው ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። አንድ ነገር ቆርቁሯት ነበር። አቶ ያፌትን ለሽንፈት የዳረጋቸው ማስረጃ የሕመማቸው ታሪክ ነው፤ ማስረጃውን ለሸንጎው ያቀረበው ማን እንደሆነ የሚገልጸው ቦታ ላይ የሠፈረው ስም ደግሞ ሶልያና ክንፈ ይላል። የራሳቸው ጠበቃ።

ደንቡ መርማሪ ሥራው ወደተሠራበት ቦታ ሄዶ እስከ ሠላሳ ቁራጭ እንዲያጣራ ይፈቅዳል። በሸንጎው ውስጥ ይህን ያደረገ ሰው ካለ ውድነሽ አልሰማችም። ኮቷን አነሣች።

*

የወይዘሮ ሶልያና ቢሮ ከአንድ መነጽር ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሴትዮዋ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሁለት ሹራብ ደርበው፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አድርገው ይጽፋሉ።

«ግቢ፣ ግቢ። ብርዱን ይዘሽ አትግቢ እንጂ።»

«ከሸንጎው ነው የመጣሁት። የጊዜ መርማሪ ነኝ። ውድነሽ እባላለሁ።»

«ውድነሽ!» አሉ፤ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የአያቴ ስም ነው እኮ! አሁን አንቺን እንዴት ብዬ ነው አንቺ የምልሽ? ተቀመጪ እማማ።»

ውድነሽ ጆሮዋ እስኪግል አፈረች። ተቀመጠች። «ደብዳቤው ደርሶዎት ነበር? 'ጠየቅኩ' እንዳይሉ የሚለው?»

«ደርሶኛል። አንብቤዋለሁ። አጻጻፉ ደስ ይላል።»

«ታዲያ ለምን አልቀየሩትም?»

«ምን ልበል? 'ቃል ተቀበልኩ' ልበል? ሰውዬው እኮ ቃል የለውም። የሌለውን ከየት አባቴ ልቀበለው?»

«ሌላም ግስ አለ። 'ታዘብኩ' የሚል አለ።»

«ታዘብኩ!» ወይዘሮ ሶልያና ከልባቸው ደነገጡ። «ሰው ቤት ገብቼ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ስወጣ ታዘብኳቸው ልበል? ምን በወጣቸው!»

«አንድ ቃል ቢቀይሩ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር።»

«ውሸት ይሆናላ። ውሸት አስመዝግቤ ክፈሉኝ ልበል?» መስኮቱን አዩ። «ከዝርዝሩ ልታስወጡኝ ነው አይደል?»

«ገና አልተወሰነም።»

«እንግዲህ ከወጣሁ አሥራ ዘጠኙን ሰዎች አንቺ ትይዣቸዋለሽ። የተጻፈ ታነቢያለሽ፣ ጥሩ ነው።» ቀልድ ነበር፤ ግን ፊታቸው አልሳቀም። ተነሥተው ከበሩ ጀርባ ጃንጥላቸውን ወሰዱ። «ነይ። ማክሰኞ አይደል? ማክሰኞና ዓርብ እነያፌት ጋ ነኝ።»

«ጉዳዩ ተዘግቷል እኮ።»

«አውቃለሁ እማማ። የተሸነፍኩት እኔ ነኝ።» መዝጋቢያቸውን ከእጃቸው ፈትተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «ከተዘጋ ወዲህ ያለውን አላስመዘግብም። የሸንጎው ሰዓት አይደለም።»

*

የደብረ ብርሃን ትራሞች ሾፌር የላቸውም። ጠሪ ግን አላቸው። ከዓመታት በፊት ጠሪዎቹ ይቅሩ ተብሎ ነበር፤ ሰዎች ከፌርማታቸው እያለፉ ስላስቸገሩ በድምፅ ብልጫ ተመለሱ። በሦስተኛው መስመር ላይ የምትጠራው ልጅ አዲስ ናት፤ ጉሮሮዋ ገና አልሻከረም።

«ጠባሴ! ጠባሴ ወራጅ!»

ቀጥሎ ያለው ፌርማታ ስሙን ያገኘው ከአንድ ጥንታዊ ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው ቆሞ ያየ ሰው በሕይወት የለም።

«ብርድ ልብስ! ብርድ ልብስ ወራጅ!»

ወይዘሮ ሶልያና ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው ወረዱ። ውድነሽ ተከተለቻቸው።

አቶ ያፌት በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሲያርፍ የወንበሩ ክንድ የሚያህል ነው። ጠበቃዋን ሲያዩ ከወንበሩ ሥር የዳማውን ሰሌዳ ጎትተው አወጡ። ቆርኪዎቹን መደርደር ጀመሩ።

ወይዘሮ ሶልያና «ከሸንጎው መርማሪ መጥታለች» ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ የአቶ ያፌት ሚስት ወይዘሮ ሔመን እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። «ይቺ ናት መርማሪዋ? ውይ፣ ልጅ እግር አይደለች እንዴ!»

«ስሟን ስትሰሚ እንዲህ አትይም» አሉ ወይዘሮ ሶልያና። «ውድነሽ ነው ስሟ።»

«የእኔ እናት! ተነሥተን እንቀበልሽ ነበር።»

ውድነሽ አሥራ ሁለት ጥያቄዎች አዘጋጅታ መጥታለች። በቅደም ተከተል ናቸው። የመጀመሪያውን አቀረበች። «ወይዘሮ ሔመን፣ የባለቤትዎ ሁኔታ ሲለወጥ መጀመሪያ ያስተዋሉት መቼ ነው?»

ወይዘሮ ሔመን ወገባቸውን አቀኑ። ድምፃቸው ተለወጠ። «መስከረም አምስት ቀን ሁለት ሺህ ዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጠዋት ከመኝታቸው ሲነሡ መናገር እንደተሳናቸው አስተዋልኩ።»

ያው ዐረፍተ ነገር በመዝገቡ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ አለ። አንድ ቃል አልጎደለም። ውድነሽ ሁለተኛውን ጥያቄ ከወረቀቷ ላይ ስትፈልግ ዳማው ተጀመረ፤ ዳማው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ መሃል መግባት አሳፈራት።

ስለዚህ ተቀመጠች። አቶ ያፌት ያጭበረብራሉ። ጠበቃዋ ወደ መስኮቱ ሲዞሩ አንድ ቆርኪ በአውራ ጣታቸው ገፋ ያደርጋሉ። ወይዘሮ ሶልያና ያውቃሉ። ማወቃቸውን አቶ ያፌትም ያውቃሉ። ወይዘሮ ሔመን ከገመድ ያወረዱትን ልብስ ያጣጥፋሉ፤ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ላይኛው ፎቅ ውሃ፣ ሠርጓ ስለተላለፈባት የእህታቸው ልጅ ያወራሉ። ይህ ሁሉ አሥር ቁራጭ ያህል ወሰደ። ውድነሽ በሥራ ሰዓቷ ምንም ሳታደርግ ይህን ያህል ተቀምጣ አታውቅም።

«ይኸውልሽ፣ እንዲህ ስናደርግ ነው የተሸነፍነው» አሉ ወይዘሮ ሔመን በድንገት። የሚያጣጥፉትን ብርድ ልብስ ከፍ አድርገው አሳዩአት። «በዚህ ምክንያት።»

«በምን?»

«በብርድ ልብስ! ሚያዝያ ላይ ነው። እነሱ ዳማቸውን ይጫወታሉ፣ እኔ ይሄንን አጣጥፋለሁ። ያፌትን ልተርበው ብዬ፣ 'አንተማ የዚህን ስሙንም አትወድም' አልኩት። ወይዘሮ ሶልያና ቀና ብለው 'ለምንድነው የማይወደው?' አሉኝ። ሳቄ መጣ። ካቻምና ሰኔ ላይ፣ ገና ሥራ ላይ እያለ፣ ይሄን የእኛን ፌርማታ መጥራት ተወ እኮ! ጠባሴን ይጠራል፣ የቀረውን ሁሉ ይጠራል፣ እዚህ ሲደርስ 'ያ... የሚለበሰው! ወራጅ!' ይላል። ትራሙ ሙሉ ይስቃል። ጓደኞቹ 'ብርድ ልብስህን ማን ሰረቀህ?' እያሉ ሲያበሽቁት ከረሙ። እኔ ደግሞ እዚህ ፌርማታ ላይ የሆነ ሰው አስቀይሞት ነው ብዬ አሰብኩ።»

አቶ ያፌት ከሰሌዳው ቀና ሳይሉ በአፍንጫቸው ሳቁ።

«እሳቸው ቆርኪውን አስቀመጡ። 'ሰኔ ነው ያልሽኝ?' አሉኝ። ሰኔ አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም። ፊታቸውን ሳይ ግን ምን እንዳልኩ ገባኝ።»

ሰኔ ከመስከረም ሦስት ወር ይቀድማል። ከጠብታው በፊት ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ወይዘሮ ሶልያና የትራሙን የድምፅ መዝገብ አስወጡ። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ቃላቱ አንድ በአንድ ሲጠፉ ይሰማል። ሐኪሞች የአቶ ያፌትን ጭንቅላት እንደገና አዩት። ቀስ እያለ የሚጠብብ የደም ሥር ነበር፤ ጠብታው አልነካውም።

«መተው ይችሉ ነበር» አለች ውድነሽ። ይህ ከአሥራ ሁለቱ ጥያቄዎች ውስጥ አልነበረም።

«እንችል ነበር» አሉ ወይዘሮ ሶልያና። «ካሣውንም ልናገኝ እንችል ነበር። ከዚያ በጠብታ ለተጎዱ ሰዎች የሚሰጠውን ሕክምና ይሰጡታል፤ ያ የደም ሥር ግን መጥበቡን አያቆምም። ያፌትን ጠየቅኩት። ወረቀቱን ፊቱ አስቀምጬ፣ ይህን ካቀረብኩ እንሸነፋለን፣ ላቅርብ ወይስ ልተወው አልኩት። ብዕሩን ከእጄ ነጠቀኝ፣ ፈረመ።»

«እኔ ግን አልፈረምኩም» አሉ ወይዘሮ ሔመን። «ተናደድኩ። ሁለት ሳምንት በር አልከፈትኩላቸውም። መጥተው ደጅ ቆመው ይሄዳሉ። እሱንም 'ጠየቅኩ' ብለው አስመዝግበውት ይሆናል!»

«አላስመዘገብኩም። በር ካልተከፈተ ጥየቃ አይባልም።»

ወይዘሮ ሔመን ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በእጃቸው ደለደሉት። «ካሣው ቀረብን» አሉ ቀስ ብለው። «ሰውዬው ግን ይኸው አለ። ዳማ ያጭበረብራል።»

የውድነሽ መዝጋቢ እጇ ላይ ነዘራት። ሠላሳው ቁራጭ ሊያልቅ ነው። ጥያቄዎቿን አየች። አሥራ አንዱን አላቀረበችም፤ የአሥራ አንዱንም መልስ ግን አግኝታለች።

ስትነሣ አቶ ያፌት ቀና ብለው አዩዋት። ደረታቸው ሞላ። ከዚያ ቤቱን ሙሉ በሚያናውጥ፣ በሻከረ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በትራም በር ላይ በሰለጠነ ድምፅ፦

«ወራጅ!» አሉ።

ሁሉም ሳቁ። የቀረቻቸው ቃል ይቺ ብቻ ነበረች፤ ለመሸኘት ትሆናለች።

*

ሚዛኑን ለመቃወም የተሰጠው ቦታ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይይዛል፤ ከአሥር ቃል መብለጥ የለበትም። ውድነሽ ጽፋ አጠፋች። ጠበቃዋ ቅን መሆናቸውን ጻፈች፤ አጠፋችው፤ ሚዛኑ ቅንነትን በቁራጭ ስለማያውቀው ይጥለዋል። ማስረጃው በአርባ አንደኛው የጥየቃ ቀን መገኘቱን ጻፈች፤ ይህንንም አጠፋችው፤ አርባ አንደኛውን ከፍሎ የቀረውን ይሰርዛል። በመጨረሻ አራት ቃል ጻፈች፦

«ሳይጠይቁት መጠየቅ አይቻልም፤ ጠይቀዋል።»

ሚዛኑ ወዲያው መለሰ። ዐረፍተ ነገሩ ራሱን ይቃረናል። ይታረም?

«አይታረም።»

ሚዛኑ ያልገባውን ነገር አይሰርዝም፤ ለሰው ያስተላልፋል። ውድነሽ ይህን ታውቅ ነበር።

የሸንጎው ሰብሳቢ አቶ ባሮክ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት እንዲህ ያለ ወረቀት ይደርሳቸዋል። በማግሥቱ አስጠሯት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዐረፍተ ነገር ነው፣ ጌታዬ።»

«እሱማ አየሁት። ግጥም ይሆን እንዴ ብዬ ነው።»

«አይደለም።» ጆሮዋ ጋለ። «ሁለቱ 'መጠየቅ' የተለያዩ ናቸው።»

አቶ ባሮክ ጮክ ብለው አነበቡት። እንደገና፣ ድምፃቸውን በሌላ ቃል ላይ ጥለው አነበቡት። «እሺ፣ ሥራ ነው እንበል። ሚስትየዋ የተናገሩት በአርባ አንደኛው ቀን ነው። የቀሩት ሃያ ሁለቱ ለምን አስፈለጉ?»

«የድምፁን መዝገብ አብረዋቸው ሰሙ። ምን ማለት እንደሆነ አስረዱ። ሐኪም ቤት ይዘዋቸው ሄዱ። በር ያልተከፈተላቸውን ቀናት አላስመዘገቡም።»

«እነሱን ልቀበል። ከዚያ በፊትስ? ዳማ ነው ያልሽኝ። አርባ ቀን ዳማ! እነዚያ አርባዎቹ ምን አመጡ?»



«አርባ አንደኛውን አመጡ» አለች ውድነሽ።

አቶ ባሮክ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ስድሳ ሦስቱም መስመሮች ላይ አንድ ጊዜ ፈረሙ፤ ቀዩ ጠፋ። ወይዘሮ ሶልያና ክንፈ በዝርዝሩ ላይ ቆዩ።

ውሳኔው በሚዛኑ ላይ ትንሽ ለውጥ አመጣ። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ በከተማው ውስጥ ማንም ሰው «ጠየቅኩ» ሲል መዝጋቢው «የትኛውን?» ይለዋል። ሰዎች መጀመሪያ ተበሳጩ፣ ኋላ ለመዱት። አብዛኛው ሰው ሳያስብ ይመልሳል።

ኅዳር ስምንት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ከሚዛኑ አንድ መስመር ወደ ውድነሽ ጠረጴዛ መጣ። ተራ ሲጠብቁ ከነበሩት ከአሥራ ዘጠኙ የአንዷ መዝገብ ነው፤ ከጠብታው በኋላ ግራ እግሯ የደነዘዘባት ልብስ ሰፊ። የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ሃያ አንድ ቁራጭ። ወይዘሮ ሶልያና ደረጃውን ሲወርዱ «ጠየቅኩ» ብለዋል። መዝጋቢው «የትኛውን?» ብሏቸዋል። መልሳቸው በዝርዝሩ ውስጥ ስላልተገኘ ሚዛኑ ለሰው አስተላልፎታል።

«ገና አላወቅኩም» ይላል።

ውድነሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከጎኑ አንድ ቃል ጻፈች።

ተገቢ።